ዐይንና ጣት፦ የበርበሬ ለቃሚዋና የብረት እጅ
በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ከሚታየው የእጅ ሥራ በመነሣት ስለ ሮቦት ትምህርት የቀረበ መግለጫ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት ሄዶ ቡሬ ይገባል። ከቡሬ አንዱ መንገድ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ደቡብ ታጥፎ ዓባይን ይሻገርና ወደ ነቀምቴ ይወስዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በዚህ አገር ያለፈ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ ዐይኑን የሚስበው ቀይ ቀለም ነው። በየደጁና በየአውድማው፥ በሰሌንና በሸራ ላይ፥ በርበሬ ተሰጥቶ ይታያል። በአጠገቡም ጎንበስ ብለው የሚለቅሙ ሴቶችና ልጆች አይጠፉም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የበርበሬን እርሻ መዘርዘር አይደለም። ዓላማው በዘመናችን በየአገሩ የምርምር ቤቶች ብዙ ድካም የሚደረግበትን አንድ ጥያቄ ለአንባቢ ማስረዳት ነው፤ ይኸውም የብረት እጅ፥ ማለት ሮቦት፥ ዕቃን በማየትና በመዳሰስ አንሥቶ ለመያዝ እንዴት ይማራል? የሚል ነው። ከበርበሬ የተነሣሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሊቃውንቱ ለብረት እጅ ለመስጠት የሚደክሙበትን ዕውቀት እናቶቻችንና እኅቶቻችን በየደጃችን ያለ አንዳች ችግር ሲሠሩበት ስለምናይ፥ ነገሩን ከዚያ ተነሥቶ ማስረዳት ይቀላል። ሁለተኛ፥ የብረት እጅ አንድ ቀን ወደ አካባቢያችን ቢመጣ ኑሯቸውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው የእነርሱን ስለ ሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የለቃሚዋ እጅ

የበርበሬ ዘር በመደብ ላይ ተዘርቶ ችግኝ ከሆነ በኋላ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ቃሪያ ይባላል፤ በተክሉ ላይ ቀልቶ መጠውለግ ሲጀምር ይለቀምና በፀሐይ ይሰጣል። ከደረቀ በኋላ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደገና ይለቀማል፤ ይህ ሁለተኛው ለቀማ መልካሙን ዛላ ከመጥፎው መለየት ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ነው።

ለቃሚዋ ክምሩን ከፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች። ደህና ቀልቶ የደረቀውን በአንድ በኩል፥ የነጣውንና የተሰባበረውን በሌላ በኩል፥ የሻገተውን ደግሞ ለብቻው ትጥላለች። እጇ ሳያርፍ ከጎረቤቷ ጋር ትጫወታለች፤ የሚያለቅስ ልጅም ታባብላለች። የሚመለከታት ሰው ዐይኗ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል፤ ቀይ ከሆነ ይቀመጣል፥ ቀይ ካልሆነ ይጣላል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በልጅነቴ ከአክስቴ ጋር ተቀምጬ ስለቅም እጅግ ቀይና የሚያብረቀርቅ ዛላ ስትጥል አይቼ «አክስቴ፥ ይህን የመሰለውን ለምን ጣልሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ንካው እንጂ ልጄ፤ ዐይንህን አትመን» አለችኝ። ዛላውን ባነሣው እንደ እርጥብ ቆዳ ተለመጠ፤ ስሰብረውም ውስጡ ከአንገቱ አጠገብ ሻግቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዝግታ ሳስተውል የእጇ ምርመራ ቢያንስ ሦስት ነገር እንዳለው ተረዳሁ። ዛላውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ በጥቂቱ ትጫነዋለች፤ በደንብ የደረቀው መጠነኛ ተቃውሞ ያሳያል፥ እርጥቡ ይለመጣል፥ ከመጠን ያለፈው ይሰነጠቃል። ቀጥላ ወደ ጐን ስትወረውረው በውስጡ ያለው ፍሬ ይንኮሻኮሻል፤ ይህን መንኮሻኮሽ ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን ጣቷም ይሰማዋል። እንደዚሁም ክብደቱን ሳታስበው ትመዝናለች። ይህ ሁሉ ዐይን ተገልጦ እስኪከደን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል።

ይህ ልየታ የቀላል ነገር ልየታ አይደለም። አንዳንድ ሻጭ ሚዛን እንዲያነሣለት በርበሬውን ውሃ ይረጨዋል። እርጥበት ያለው በርበሬ በጆንያ ታጭቆ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ ከሻጋታው ወገን አንዳንዱ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ፥ ቢቀቅሉትም በቀላሉ የማይጠፋ ነው። ስለዚህ የለቃሚዋ ጣት የሚሰጠው ፍርድ ከገበያ ዋጋ አልፎ የቤተ ሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

በጣት ማወቅ የለቃሚ ብቻም አይደለም። የጎጃም ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ከአፈር ውስጥ ስለ ሆነ አያየውም። ዳሩ ግን ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ሲነካካ በእርፉ በኩል መዳፉ ይነግረዋል፤ እርሱም ማረሻው ሳይሰበር ፈጥኖ ያነሣዋል። ዐይኑ በበሬዎቹና በትልሙ ላይ ነው፤ መዳፉ ግን ከአፈር በታች ያያል።

2. ሳይንስ ስለ ሰው እጅ ያገኘው

በስዊድን አገር ሮላንድ ዮሃንሶንና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረጉት ጥናት፥ ጠጕር በማይበቅልበት በአንድ እጅ ቆዳ ውስጥ ወደ 17,000 የሚጠጉ የመዳሰሻ ነርቭ ጫፎች እንዳሉ ገምተዋል። እነዚህም በአራት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ዕቃው የሚጫንበትን ቦታና የጠርዙን ቅርጽ ያሳውቃል፤ ሌላው ቆዳው ሲሳብ ይሰማዋል፤ ሦስተኛው ዕቃው መንሸራተት ሲጀምር ይነቃል፤ አራተኛው ደግሞ ጥቃቅን ንዝረትን ይለያል። በእርፉ በኩል የድንጋዩን ወሬ የሚቀበለውና የፍሬውን መንኮሻኮሽ የሚሰማው በተለይ ይህ አራተኛው ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1984 ባሳተሙት ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። ሰው አንድ ዕቃ ሲያነሣ የሚጨብጥበት ኀይል ዕቃው እንዳይንሸራተት ከሚያስፈልገው ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ዕቃው ለስላሳ ከሆነ ይጠነክራል፤ ሻካራ ከሆነ ይላላል። ዕቃው ድንገት ቢንሸራተት፥ አንድ ሴኮንድ ለዐሥር ቢከፈል ከአንዱ ክፍል በማይበልጥ ጊዜ ጭበጣው ይስተካከላል። ሰውዬው ይህን አስቦ አያደርገውም፤ እጁ ያደርግለታል። ዕንቁላል ሳንሰብር የምናነሣው፥ ውሃ የሞላውን ብርጭቆም ሳንጥል የምንይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሰሳ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በጣት ማደንዘዣ ተፈትኗል። ጣቶቹ የደነዘዙበት ሰው ዐይኑ በደንብ እያየ ክብሪት ለመጫር ይቸገራል፤ እንጨቱ ከጣቱ ይወድቅበታል። ይህን ለመረዳት ምርምር ቤት መሄድ አያስፈልግም። ማለዳ በብርድ ጣቱ ደንዝዞ ቁልፉን ለመቈለፍ የታገለ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ የዐይንና የጣት ሥራ የተከፋፈለ ነው። ዐይን ከሩቅ ሆኖ ዕቃው የት እንዳለ፥ ምን ቅርጽ እንዳለው፥ እጅም በየት በኩል መድረስ እንዳለበት ያመለክታል። ነገር ግን እጅ ዕቃውን ሲይዝ ራሱ እጁ ዕቃውን ይጋርደዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጣት ይረከባል። ልስላሴ፥ ክብደት፥ እርጥበትና መንሸራተት በዐይን በቀጥታ የሚታዩ ነገሮች አይደሉም።

3. የብረት እጅ ታሪክ በአጭሩ

ሮቦት የሚለው ስም የተወለደው ከቴያትር ነው። የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ቴያትር ሰው ሠራሽ ሠራተኞችን በዚህ ስም ጠራቸው። ቃሉ የመጣው ሮቦታ ከሚለው ነው፤ ትርጕሙም ገባር ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። የአገራችን አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ አባቶቻችን ለሹም ያርሱት የነበረውን የሁዳድ ሥራ ማሰብ ይበቃዋል። ይህን ነገር በመጨረሻው እመለስበታለሁ።

በፋብሪካ ሥራ የገባው የመጀመሪያው ሮቦት ዩኒሜት ይባላል። ጆርጅ ዴቮል የፈለሰፈው ሲሆን በ1961 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የጋለ ብረት እያነሣ እንዲያስቀምጥ ተተከለ። ይህ እጅ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን አያይም፥ አይዳስስም። የተመዘገበለትን እንቅስቃሴ ብቻ ይደጋግማል። ብረቱ ከቦታው ጥቂት ቢርቅ ባዶ አየር ይጨብጣል።

በዚያው በ1961 ሃይንሪሽ ኤርንስት የተባለ ተማሪ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለመመረቂያው ሌላ ዐይነት እጅ ሠራ። ይህ እጅ ከኮምፕዩተር ጋር የተያያዘ ሆኖ በጣቶቹ ላይ መዳሰሻ ነበረው። ዐይን አልነበረውም፤ በጠረጴዛ ላይ ያሉትን ትንንሽ ዕቃዎች በዳሰሳ እየፈለገ ወደ ሣጥን ይከት ነበር። ቀጥሎ በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ፍሬዲ የተባለው ሮቦት በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሜራ እያየ፥ የኀይልም ስሜት እየተሰጠው፥ ከተደባለቀ ክምር ውስጥ የመጫወቻ መኪና ክፍሎችን ለይቶ ለመገጣጠም በቃ።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች ሥራው የተቃረበ መሰላቸው። ነገር ግን አልሆነም። ሃንስ ሞራቬክ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ለሰው ከባድ የሚመስለውን የሒሳብና የሠንጠረዥ ጨዋታ ለኮምፕዩተር መስጠት ቀላል ሲሆን፥ የአንድ ዓመት ሕፃን የሚያውቀውን ማየትና መያዝ ለመስጠት ግን እጅግ ይከብዳል። በአገራችንም ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2018 አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ሕዝቡ በፊቷና በንግግሯ ተደንቋል፤ በ2013 አዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስም ለአእምሮዋ ፕሮግራም ድርሻ እንደ ነበረው ይታወቃል። ዳሩ ግን ከአንድ ክምር ውስጥ የደረቀ በርበሬ ሳይሰብሩ ማንሣት ከመናገር የቀለለ ሥራ እንዳይመስለን።

4. ዐይን ብቻ ያለው መኪና

በአገራችን ለውጭ ገበያ የሚቀርበውን ቡና፥ ሰሊጥና ጥራጥሬ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች በቀለም የሚለይ መኪና ይጠቀማሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። እህሉ ከላይ በተዘቀዘቀ አሸንዳ ላይ ስስ ሆኖ ይወርዳል። ከአሸንዳው ጫፍ ሲወድቅ ካሜራዎች ያዩታል። ቀለሙ ከተወሰነው ውጭ የሆነ ፍሬ ሲገኝ ትንሽ የአየር አፍንጫ እፍ ብላ ከመንገዱ ታስወጣዋለች። ይህ መኪና አንድም ነገር አይጨብጥም፥ አይነካምም፤ ዐይንና እስትንፋስ ብቻ ነው። ስለዚህም በጣም ፈጣን ነው።

ለቡናና ለሰሊጥ ይህ ብዙ ይረዳል፤ ምክንያቱም ብዙው ጕድለት በቀለም ይገለጣል። እንደዚያም ሆኖ መኪናው ከሚሠራበት ቤት አጠገብ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ይታያሉ። የበርበሬ ዛላ ግን ረጅምና ጠማማ ስለ ሆነ በአሸንዳ ላይ እንደ ቡና አይንሸራተትም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ አክስቴ የጣለችው ዐይነት ዛላ ነው፤ ቀለሙ መልካም ስለ ሆነ ይህ መኪና ያሳልፈዋል። እዚህ ላይ የጣት አስፈላጊነት ይመጣል።

5. ለመኪና ጣት መስጠት

ለብረት እጅ ዳሰሳ ለመስጠት ብዙ መንገድ ተሞክሯል። ከእነዚህ አንዱን በሰፊው እገልጻለሁ፤ ምክንያቱም ጣትን በዐይን የሠራ ብልኃት ስለ ሆነ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማይካ ጆንሰንና ኤድዋርድ አደልሰን በ2009 ጄልሳይት የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ አሳዩ። መሣሪያው እንደ መስተዋት የጠራ፥ እንደ ሥጋ የለሰለሰ ላስቲክ ነው። የፊቱ ገጽ ብርሃን በሚያንጸባርቅ ስስ ቀለም ተቀብቷል። ከኋላው ትንሽ ካሜራ ተቀምጧል፤ በዙሪያውም መብራት አለ። ላስቲኩ አንድ ነገር ሲነካ፥ ጣት በሊጥ ላይ እንደሚተወው ያለ ምልክት በገጹ ላይ ይወጣል። ካሜራው ከውስጥ ሆኖ የዚያን ምልክት ብርሃንና ጥላ ያነባል። ከጥላውም የተነካውን ነገር ቅርጽ እስከ ጥቃቅኑ ሽብሽብ ድረስ ማስላት ይቻላል።

በላስቲኩ ገጽ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ቢሳልበት ደግሞ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ነጠብጣቦቹ ወደ አንድ ወገን ሲሳቡ ዕቃው እየከበደ ወይም ሊንሸራተት መሆኑ ይታወቃል። ላስቲኩ ምን ያህል እንደ ገባ፥ ዕቃውም ምን ያህል እንደ ተለመጠ ሲነጻጸር የዕቃው ጥንካሬ ይገኛል። ይህ አክስቴ በአውራ ጣቷ የምታደርገው መጫን ነው። ጕድለቱም አለው፤ ላስቲኩ በሥራ ብዛት ያልቃል፥ ይቀደዳልም። የሰው ቆዳ ግን ራሱን ያድሳል።

6. የማስተማሩ ሥራ

ዐይንና ጣት ያለው እጅ ገና አያውቅም፤ መማር አለበት። እዚህ ላይ መማር ማለት ምን እንደ ሆነ በቀላሉ ላስረዳ። ካሜራው የሚያየውም ጣቱ የሚሰማውም ለኮምፕዩተሩ የቁጥር ክምር ነው። ኮምፕዩተሩ እነዚህን ቁጥሮች በብዙ ሺሕ በሚቈጠሩ ሚዛኖች ላይ አሳልፎ አንድ ግምት ይሰጣል፤ ለምሳሌ «ይህን ጭበጣ ባነሣው አይወድቅም» ይላል። ከዚያ ይነሣል። ከወደቀ ግምቱ ስሕተት ነበረና ሚዛኖቹ በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ግምቱ እየቀና ይሄዳል። የማስተማሩ መንገድ በሦስት ይከፈላል።

ሀ) በመኮረጅ። አንድ ልጅ እርሻ ሲለምድ አባቱ ከኋላው ቆሞ የልጁን እጅ ከእርፉ ጋር ይይዝለታል። ልጁ መቼ ተጭኖ መቼ እንደሚያነሣ በአባቱ እጅ በኩል ይማራል። ለሮቦትም እንዲሁ ይደረጋል። ሰው የሮቦቱን ክንድ ከሩቅ እያዘዘ ወይም በእጁ እየመራ ሥራውን ይሠራል፤ ኮምፕዩተሩ ያየውን፥ የዳሰሰውንና የተደረገውን እንቅስቃሴ አጣምሮ ይመዘግባል፤ በኋላም ያንኑ ለመድገም ይጥራል።

ለ) በመሞከርና በመሳሳት። በ2016 በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ ሮቦት በ700 ሰዓት ውስጥ 50,000 ጊዜ ዕቃ ለመያዝ ሞከረ። በዚያው ዓመት የጎግል ተመራማሪዎች እስከ 14 በሚደርሱ ክንዶች በሁለት ወር ውስጥ ከ800,000 በላይ ሙከራ አደረጉ። እነዚህ ሁለቱ በዐይን ላይ የተመሠረቱ ነበሩ።

ሐ) በምናብ ዓለም። ኮምፕዩተሩ ራሱ በፈጠረው ዓለም ውስጥ የታሰበ እጅ የታሰበ ዕቃ ይይዛል። እዚያ ዕቃ አይሰበርም፥ ጊዜም በፍጥነት ይሄዳል። ኦፕን ኤ አይ የተባለው ድርጅት በ2018 ባለ አምስት ጣት እጅ ኩብ እንዲያገላብጥ ያስተማረው በዚህ መንገድ ነበር። ብልኃቱም በምናቡ ዓለም የዕቃውን ክብደት፥ ልስላሴና የብርሃኑን ሁኔታ እያለዋወጡ ማለማመድ ነው፤ ብዙ ዐይነት ዓለም የለመደ እጅ እውነተኛውንም ዓለም እንደ አንዱ ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን የሚለመጥና የሚሰበር ነገርን በምናብ ዓለም በትክክል መሥራት አሁንም ከባድ ነው፤ የደረቀ በርበሬም ከዚህ ወገን ነው።

ዐይንና ጣትን ስለ ማጣመር ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ። በ2017 የቀረበ አንድ ጥናት በሁለት ጣቶቹ ላይ ጄልሳይት ያለበትን ሮቦት ከ9,000 ጊዜ በላይ ዕቃ አስይዞ፥ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ጭበጣው ይጸና እንደ ሆነ እንዲገምት አስተማረው። ዐይንና ጣት ሲተባበሩ ግምቱ ከዐይን ብቻው የተሻለ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች ሮቦቱ ጭበጣውን እያስተካከለ፥ ከሚያስፈልገው በላይ ሳይጫን እንዲይዝ አደረጉ፤ ይህም ዮሃንሶን በሰው እጅ ላይ ካገኘው ጠባይ ጋር ይቀራረባል።

ሁለተኛው በ2019 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ነው። ሥራው ችካልን በቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ነበር። ኮምፕዩተሩ አስቀድሞ ራሱን በራሱ እንዲጠይቅ ተደረገ፦ «አሁን የማየውና የምዳስሰው በአንድ ጊዜ የሆነ ነው ወይስ ከተለያየ ጊዜ የተደባለቀ? ቀጥዬ ስንቀሳቀስ ዕቃውን እነካለሁ ወይስ አልነካም?» እነዚህን ለመመለስ ሲደክም የዐይኑ ወሬና የጣቱ ወሬ ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ ይማራል። ሕፃን ልጅ የያዘውን ሁሉ እያገላበጠ የሚያየው፥ ወደ አፉም የሚወስደው ምናልባት ይህንኑ ለመማር ይሆናል።

7. የብረት እጅ በርበሬ ይልቀም ቢባል

ቡሬ በአገሪቱ ለሙከራ ከተመረጡት አራት የተቀናጁ የግብርና ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፓርኮች የአንዱ ቦታ ነው። ሌሎቹ ቡልቡላ፥ ይርጋ ዓለምና ባዕከር ናቸው። በ2021 ደግሞ በቡሬ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። ስለዚህ የአካባቢው ምርት በመኪና ስለሚሰናዳበት ነገር ማሰብ የሕልም ነገር አይደለም። የብረት እጅ በርበሬ ይልቀም ቢባል ግን የሚከተሉት ችግሮች ይጠብቁታል።

አንደኛ፥ ዛላዎቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ስለሚከመሩ የአንዱን መጨረሻና የሌላውን መጀመሪያ ለዐይን መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛ፥ የደረቀ ዛላ በጥቂት ኀይል ይሰበራል፤ የተሰበረ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። ጭበጣው ልል ከሆነ ይወድቃል፥ ከጠነከረ ይደቅቃል፤ በመካከል ያለው ወሰን ጠባብ ነው። ሦስተኛ፥ የበርበሬ ብናኝ በካሜራውም በላስቲኩም ላይ ይቀመጣል። አራተኛ፥ እጁ ለአንድ ዛላ ብዙ ሴኮንድ ከፈጀ ሥራው ኪሳራ ይሆናል።

አምስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ኮምፕዩተሩ የሚማረው «ይህ መልካም ነው፥ ይህ መጥፎ ነው» የሚለው ሰው ሲኖር ነው። የውጭ አገር ሮቦቶች የሠለጠኑት በአብዛኛው በእነርሱ ቤት በሚገኝ ኩባያ፥ መጫወቻና ጠርሙስ ነው። ስለ ጎጃም በርበሬ ሊነግራቸው የሚችል መምህር ከለቃሚዋ በቀር የለም። እያንዳንዱን ዛላ አንሥታ፥ ተጭና፥ ፈርዳ ማስቀመጥ ያለባት እርሷ ናት። ብዙ ሺሕ ፍርዶቿ ተሰብስበው የመኪናው ዕውቀት ይሆናሉ።

8. ሊታሰብበት የሚገባ ነገር

እዚህ ላይ አንድ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። ለመኪናው አስተማሪ የሆነችው ሴት ትምህርቱ ሲያልቅ ሥራዋን በመኪናው ልትነጠቅ ትችላለች። ዕውቀቷ በኮምፕዩተር ይቀመጣል፤ ስሟ ግን አይጻፍም፥ ዋጋዋም አይከፈልም። የለቀማ ሥራ ገቢው አነስተኛ ቢሆንም ለብዙ ቤት የጨው፥ የደብተርና የልብስ መግዣ ነው። መኪና ማስቀረት አይቻልም፥ አይገባምም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ሻጋታን ለይቶ የብዙ ሰው ጕበት የሚያድን መሣሪያ ቢገኝ እኔም ደስ ይለኛል። ዳሩ ግን ዕውቀቱ ከማን እንደ ተወሰደ መመዝገብ፥ ለፍርዷም እንደ ባለሙያ ዋጋ መክፈል ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባዋል እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ ቅደም ተከተሉ መታወቅ አለበት። ለአንድ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ዛሬ ከብረት እጅ ይልቅ በርበሬውን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚያሰጣበት ንጹሕ አልጋና ዝናብ የማያስገባ ጎተራ የበለጠ ይጠቅመዋል። የብረት ክንዱ ቢቀርም፥ በሰው እጅ የሚያዝ ትንሽ መዳሰሻ እርጥበትን ለክቶ ለገዢና ለሻጭ እኩል ቢናገር በሚዛን ላይ የሚደረገውን ማታለል ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለቃሚዋን አያባርራትም፤ ቃሏን ያጸናላታል እንጂ።

ሦስተኛ፥ ይህ ለእኛ ለተማሪዎች የምርምር በር ነው። ውድ መኪና ሳይኖረን ልናደርገው የምንችለው ሥራ አለ። ለቃሚዎች የዛላን ዐይነትና የድርቀቱን ደረጃ በምን ቃል እንደሚጠሩ መመዝገብ ይቻላል። አንድን ክምር በመጀመሪያ ዐይንን ሸፍኖ፥ ቀጥሎ በዐይን ብቻ ሳይነኩ፥ በመጨረሻም በሁለቱ አስለቅሞ፥ ከዚያ ዛላዎቹን ሰብሮ ውስጣቸውን በማየት የትኛው ፍርድ እንደ ቀና ማወዳደር ይቻላል። አንባቢ በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህን ሊሞክር ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ቁና በርበሬና አንድ ነጠላ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው፥ የብረት እጅ ዕቃ መያዝን የሚማረው በዐይን አቅጣጫውን አግኝቶ፥ በጣት እውነቱን አረጋግጦ፥ ሁለቱን ወሬዎች በብዙ ሺሕ ሙከራና ስሕተት በማስታረቅ ነው። ሊቃውንቱ ከ1961 ጀምሮ በዚህ መንገድ ብዙ ተጉዘዋል፤ ነገር ግን አንዲት የፍኖተ ሰላም ለቃሚ እየተጫወተች የምትሠራውን ሥራ ለመስተካከል አሁንም ብዙ ይቀራቸዋል።

ሮቦት የሚለው ስም ከሁዳድ ሥራ መምጣቱን ቀደም ብዬ አመልክቻለሁ። የቃሉ ባለቤቶች በስሙ ያሰቡት ከባዱ ሥራ ከሰው ትከሻ ወርዶ በመኪና ላይ እንዲወድቅ ይሆናል። ይህ መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ለመኪናው ዕውቀቷን በነጻ አስረክባ በመጨረሻ ባዶ እጇን የምትቀር ሴት ካለች፥ ሁዳዱ ባለቤቱን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በዚህ ጕዳይ ላይ የቡሬ፥ የደምበጫ፥ የወምበርማና የሌላውም አገር ተማሪዎች በየአካባቢያቸው የሚያዩትን የእጅ ሙያ እየጻፉ ቢያቀርቡ፥ ለሚመጣው መሐንዲስም ለዛሬዋ ለቃሚም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።